ከፕሮጀክት ወደ ፕሪሚየር ሊግ፦ የ17 ዓመት ልጅ ተስፋ ቡድን ይግባ ወይስ ከፍተኛ ሊግ?

አባይ ማዶ ፕሮጀክት
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ አንድ የግራ መስመር ተከላካይ አለን። ኅዳር 2001 የተወለደ፣ ግራ እግረኛ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቱ 62 ኪሎ። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ለተስፋ ቡድኑ (ከዋናው በታች ላለው የወጣቶች ቡድን)፣ አንድ የከፍተኛ ሊግ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ሊግ ክለብ ደግሞ ለዋናው ቡድኑ ለሙከራ ጠርተውታል። ቤተሰቡ ስም ያለውን ክለብ ይመርጣል። በዚህ ላይ አንድ ሰው መጥቶ «እኔ አስፈርመዋለሁ» እያለ ለሙከራ ብር ይጠይቃል። የትኛው ይሻለዋል? ወረቀቱንስ በምን መልኩ እናዘጋጅ? አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁ ከጥምቀት ወዲህ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጉልበት እያጠረው ነው።

የሽምብጥ አሰልጣኝ
ኮች፣ የክለቡን ስም ለጊዜው ተወውና ደቂቃውን ቁጠር። በ17 እና በ19 ዓመት መካከል ያለ ተከላካይ የሚያድገው ከጎልማሳ አጥቂ ጋር 90 ደቂቃ ሲታገል ነው። ተስፋ ቡድን መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ሲካሄድ ዋናው ቡድን ለሳምንታት ከቤቱ ይርቃል። ዋናው አሰልጣኝ ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ ላይ ሆኖ እዚህ የቀረውን ተስፋ ቡድን እንዴት ያየዋል? ስለዚህ ክለቡን ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ባለፈው የውድድር ዓመት ከተስፋ ቡድኑ ስንት ልጅ ወደ ዋናው አደገ? ካደጉት ውስጥ ስንቶቹ ተሰልፈው ተጫወቱ? በቅድመ ውድድር ዝግጅት ላይ ታዳጊዎች ከዋናው ጋር ይሠራሉ ወይ? መልሱ በቁጥርና በስም ካልመጣ ከፍተኛ ሊጉን ምረጥ። ቤተሰቡ ደግሞ ከፍተኛ ሊግን እንዳይንቅ ንገራቸው፤ ባሕር ዳር ከተማ ራሱ በ2010 ከዚያ አድጎ ነው በ2011 ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው።

ለሙከራው ከአሁኑ አንድ ነገር አስተካክልለት። አብዛኛው የእኛ ልጅ ከመሐል ተከላካዩ ኳስ ሲቀበል ደረቱን ወደ ኳሱ አዙሮ ይቆማል። ኳሱን ለኳሱ በሚቀርበው እግሩ ያቆመዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው የመጣበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ታዳጊ ላይ ጊዜ ስላለው ዞሮ ይወጣል። ትልቅ ሊግ ላይ ግን የተጋጣሚው የመስመር አጥቂ ኳሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ይነሳና መስመሩ ላይ ያፍነዋል፤ ወይ ኳሱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወይ ወደ ኋላ ሰጥቶ አደጋ ይፈጥራል። መፍትሔው ጀርባውን ለመስመሩ ሰጥቶ፣ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አንዴ፣ እየመጣ ሳለ ደግሞ አንዴ ቀና ብሎ አይቶ፣ በሩቁ እግሩ ማለትም በግራው መቀበል ነው። የመጀመሪያ ንክኪው ኳሱን ወደ ፊት ይገፋል እንጂ አያቆምም። በቀን 15 ደቂቃ፣ ከ12 ሜትር ላይ፣ ከኋላው ሁለት ቁጥር በጣት አሳይተህ ሲቀበል ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርግ። ቀና ብሎ ያላየ ልጅ ቁጥሩን አይናገርም፤ ስህተቱ ያኔውኑ ይታይሃል።

ሙከራ ላይ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ቀላል ኳስ ይጫወት። ሦስት ሰው አልፎ አራተኛው ላይ የሚያጣ ልጅ አይመረጥም። ኳስ ካጣ በኋላ ያለውን አምስት ሰከንድ ደግሞ ሁሉም አሰልጣኝ ያያል። ግራ እግረኛ ተከላካይ ብዙ ስለማይገኝ በራሱ ቦታ ይሞከር፤ «የትም እጫወታለሁ» አይበል።

ቴሴራ
ስለ ወረቀቱ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የልደት ቀኑ። ኅዳር 2001 የተወለደ በአውሮፓ አቆጣጠር 2008 ነው። በዚያው 2001 ጥር ላይ የተወለደ ግን 2009 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። የዕድሜ ውድድሮች የሚቆርጡት ጃንዋሪ 1 ላይ ስለሆነ ይህቺ የአንድ ዓመት ልዩነት ልጁን ታስገባዋለች ወይም ታስወጣዋለች። ትምህርት ቤት 2008፣ ወሳኝ ኩነት 2009፣ ፓስፖርት ሌላ ከጻፈ ልጁ ዕድሜ የሰረቀ ይመስላል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አውጡ፤ ፋይዳውና ፓስፖርቱ ከእሱ ጋር በቀንም በፊደልም ይመሳሰሉ፤ የአባትና የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አትለያይ።

ዕድሜ መቀነስን ማንም ቢመክራችሁ እንቢ በሉ። ከ17 ዓመት በታች የወንዶች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ይነሳል። የአንጓው አጥንት የዕድገት መስመር ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ደረጃ 6 ላይ ከተገኘ ልጁ ከውድድሩ ይወጣል።

ውል ላይ ደግሞ በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት በላይ አይፈርምም። «የሕክምና ምርመራ ካለፈ ውሉ ይጸናል» የሚል አንቀጽ ተቀባይነት የለውም፤ ምርመራው ከፊርማ በፊት ይለቅ። የተፈረመበት አንድ ቅጂ በወላጅ እጅ ይቅር። ሁለት ወር ደመወዝ በወቅቱ ካልተከፈለው በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልተከፈለው ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አለው። በስልክ የተነገረ ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም።

ብር የሚጠይቀውን ሰውዬ አሁኑኑ ተዉት። ወኪል የሚባለው የፊፋን ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣ ነው፤ ስሙን ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ለማነጋገርም የወላጅን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት። ለሙከራ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ክለቡ ራሱ የጠራውን ልጅ ማን ማስገባት ያስፈልገዋል?

ለእናንተም ለፕሮጀክቱ አንድ ነገር፦ ልጁ በፌዴሬሽኑ ተመዝግቦ የተጫወተበትን እያንዳንዱን ዓመት መዝግቡ። ነገ ወደ ውጭ በክፍያ ቢዛወር ከዝውውሩ 5 ከመቶው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል፦ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ለያንዳንዱ ዓመት 0.25፣ ከ16 እስከ 23 ዓመቱ 0.5 ከመቶ። አራቱን የልጅነት ዓመታት ያሳደገ ክለብ ከ100,000 ዶላር ዝውውር 1,000 ዶላር ያገኛል። ያልተመዘገበ ፕሮጀክት ግን ምንም አይደርሰውም።

ፊዚዮ ባዳ
ጉልበት ማጠሩን በስንፍና አትተርጉሙበት። ጣና ወይም አባይ ላይ የሚዋኝ ልጅ ከሆነ በመጀመሪያ የሰገራ ምርመራ ይደረግለት፤ በእኛ አካባቢ ቢልሃርዚያ (ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ) አለ፣ ደም ያሳንሳል፣ ልጁ ሳይታመም ይደክማል። ሄሞግሎቢኑንም አብራችሁ አስለኩት። ወባ ይዞት ከነበረ ደግሞ ጣፊያው ማበጡን ሐኪም ሳያይለት ግጭት ያለበት ልምምድ አይግባ።

ሌላው የጨዋታ ብዛት ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለፕሮጀክት፣ ለቀበሌ ውድድር፣ በሳምንት ሦስት ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል ወይ? እንደዚያ ከሆነ ወደ አንድ አውርዱት፤ ሁለት ጨዋታ ካለም በመሐሉ ቢያንስ ሦስት ቀን ይኑር። ከጉልበቱ በታች ያለው የአጥንት እብጠት ሲነካ የሚያመው ከሆነ አሁንም እያደገ ነው ማለት ነው፤ ዝላይና ደረጃ ሩጫ ቀንሱለት።

ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሟሟቂያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሥሩ፦ 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ፣ ኳስና ሜዳ ብቻ ይበቃዋል። በውስጡ ተንበርክኮ፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት፣ ሰውነቱን ሳያጥፍ በዝግታ ወደ ፊት የሚወድቅበት አለ። እሱ ለኋላ ጭን ጡንቻ ነው፤ መስመር ላይ የሚመላለስ ተከላካይ በብዛት የሚቆስለው እዚያ ነው። በ3 ድግግሞሽ ጀምሩ፤ ከሙከራው ሁለት ቀን በፊት ግን አታሠሩት፣ ጡንቻው ይዝላል።

አባይ ማዶ ፕሮጀክት
እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ አባይ ላይ ይዋኛል፣ ሦስት ጨዋታም ነው የሚጫወተው። ጾም ላይስ ምን ይብላ?

ፊዚዮ ባዳ
በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ብትይዝለት በቀን 100 ግራም ግድም ነው። በጾም ሽሮ ብቻውን አይሞላውም፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ በየማዕዱ ይግቡ። ደም ማነስ ካለበት ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ይይዙበታል። ከልምምድ በፊትና በኋላ መዝኑት፤ ለጎደለው ለያንዳንዱ ኪሎ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ቀስ እያለ ይጠጣ። ድሬዳዋ ከባሕር ዳር በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ ይህን አጠጣጥ እዚሁ ካልለመደው እዚያ ሙቀቱ ያዝለዋል።

የሽምብጥ አሰልጣኝ
የሰገራና የደም ውጤቱ ሳይመጣ ሙከራ አትላኩት ኮች። ለክለቡ ደውለህ ሁለት ሳምንት እንዲያራዝሙለት ጠይቅ። ያላለፈ ሙከራ አሰልጣኙ ማስታወሻ ላይ ይቀመጣል፣ የተራዘመ ሙከራ ግን አይቀመጥም።