ሰመራ ላይ የሠራው ዲሽ ጂንካ ላይ ኳሊቲ ዜሮ አለኝ

የቁፋሮው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው። ካምፕ በቀየርን ቁጥር 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ፣ ሪሲቨርና ትንሽ ቴሌቪዥን መኪና ላይ ጭነን እንሄዳለን። ሰመራ አካባቢ ሳለን ኢትዮሳት ጥርት ብሎ ይገባልን ነበር። አሁን ከጂንካ ወጣ ብለን ሰፍረናል። በስልኬ ኮምፓስ የሰመራውን አቅጣጫ ይዤ፣ ቁመቱንም፣ ማለትም ወደ ሰማይ የቀናበትን ማዕዘን፣ ሳልነካ ተከልኩት። ሪሲቨሩ የሚያሳየው ስትሬንግዝ (የሲግናል ኃይል) ከ80 በላይ ነው፣ ኳሊቲ (ጥራት) ግን ዜሮ። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ማታ ዜና የምንሰማው በዚህ ዲሽ ነው። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ተቃጥሎ ይሆን?

ዲሽ ተካዩ፦
ወንድሜ፣ ኤልኤንቢውን እንዳትጥለው፣ ደህና ነው። ስትሬንግዝ የሚነግርህ ኤልኤንቢው ኃይል እንዳገኘና ኬብሉ እንደሚያስተላልፍ ነው። ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ያ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ሳተላይቱን ማግኘትህን የምታውቀው በኳሊቲ ብቻ ነው።

ችግሩ ቦታ መቀየርህ ነው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው ያለው። ሰመራ ሆነህ ስታየው በኮምፓስ 125 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ በምሥራቅና በደቡብ መካከል። ጂንካ ሆነህ ግን ወደ 105 ይመጣል፣ ምሥራቅ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። 20 ዲግሪ ያህል ስተሃል ማለት ነው። በዲሽ ሥራ 2 ዲግሪም ብዙ ነው! ቁመቱ ከ67 ወደ 65 ገደማ ብቻ ስለሚወርድ እሱ አያስቸግርህም። ከዲሹ ኋላ ቁምና ወደ ግራ አዙረው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ኤልኤንቢው ራሱ ማቀፊያው ውስጥ መዞር አለበት። ሞገዱ ከሳተላይቱ አግድም ወይም ቋሚ ሆኖ ይለቀቃል፤ አንተ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ቆምክበት ቦታ ይዘማል። በሰመራና በጂንካ መካከል የዘመሙ ልዩነት ራሱ 20 ዲግሪ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ኤልኤንቢ ሳይነካ ደቡብ ኦሞ ወርዶ «አገሩ ሲግናል የለውም» ሲባል ስሰማ ያናድደኛል። ሲግናሉ አለ።

ቴሌቪዥኑን አውጥተህ ዲሹ አጠገብ አስቀምጥ። ኳሊቲውን በዓይንህ እያየህ ዲሹን በጣት ስፋት ግፋ፣ ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። ሪሲቨር ሲግናል ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፣ የሚቸኩል ሰው እያለፈው ይሄዳል። ኳሊቲ ብቅ ሲል ቁመቱን አስተካክል፣ መጨረሻ ላይ ኤልኤንቢውን ቀስ እያልክ አዙር። ኮምፓሱን መኪናውና የዲሹ ብረት አጠገብ አታንብበው፣ ብረት ያሳስተዋል። ጥቂት ሜትር ራቅ በል።

የመስክ ነርስ፦
እኔ ቦረና ነው ያለሁት፣ የምናየው በሶላር ባትሪ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ሪሲቨሩ ለአግድም ቻናሎች 18 ቮልት፣ ለቋሚዎቹ 13 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይልካል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ሪሲቨር ካላችሁና ባትሪው ከደከመ፣ 18ቱን ማውጣት ያቅተዋል። ያኔ አግድሞቹ ይጠፉና ቋሚዎቹ ይቀራሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ግማሹ ቻናል ከጠፋባችሁ ዲሹን ከመነካካት በፊት ባትሪውን ለኩ። ቀጭንና ረጅም ኬብልም ያው ጣጣ አለው።

የቁፋሮው ልጅ፦
ገባልን! ወደ ምሥራቅ ሳዞረው ኳሊቲ 30 ላይ መጣ፣ ኤልኤንቢውን ሳዞር ደግሞ 70 አለፈ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የመንደሩ ፍየሎች እየተሻሹ ዲሹን ያንቀሳቅሱብናል። ግራሩ አጠገብ አጥር አለ፣ እዚያ ባስገባው ዛፉ አይከልለውም?

ዲሽ ተካዩ፦
ሳተላይቱ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ መራቅ አያስፈልግህም። ዛፉ 6 ሜትር ከሆነ ከቅርንጫፉ ጫፍ 3 ሜትር ራቅ በል፣ ይበቃል። ከዲሹ በስተ ምዕራብ ያለ ዛፍ ምንም አያደርግህም፣ የምትፈራው በምሥራቅ በኩል ያለውን ነው። ስለዚህ ዲሹን ከግራሩ በስተ ምሥራቅ አድርገው። እግሩ ላይም አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫንበት።