ቅዳሜ የገቢ ማሰባሰቢያ አለን፣ መድረክ የሚይዘው ልጅ ጥሎን ሄደ። እርዱኝ! (ሀዋሳ)

የሐይቅ ዳር (ሐሙስ፣ ማታ 2፡40)
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። 150 ትኬት አሳትመን የተሸጠው 38 ነው። ሰው እያሳቀ ኪስ የሚያስፈታ አንድ ልጅ ነበረን። ትናንት ተጣላንና ከቴሌግራም ግሩፑ ወጣ። ሁለቱ ተከተሉት። ስድስት ቀርተናል፣ አስተባባሪዋ እኔ ሆኛለሁ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቆሜ ብር ስጡኝ ማለት አልችልም። ማይክ ስይዝ ድምፄ ይጠፋል። በሁለት ቀን ውስጥ ደፋር መሆን ይቻላል? ወይስ ልሰርዘው?

የታቦር ልጅ
አንድ ብርሌ ጠጅ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አሠልጣኝ ነኝ
እህቴ፣ መሪ መጀመሪያ ራሱን ማወቅ አለበት። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዶናልድ ክሊፍተን ያወጣው፣ አሁን ጋላፕ የሚባል የአሜሪካ የጥናት ድርጅት የሚሸጠው መለኪያ አለ፤ የሰውን ተሰጥኦ በ34 ዓይነት ይከፍለዋል። እሱ በክፍያ ነው። ፒተርሰንና ሴሊግማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጧቸው 24 የባሕርይ ጥንካሬዎች ደግሞ አሉ፤ ቪአይኤ (VIA) ብለሽ ብትፈልጊ መጠይቁ በነፃ ይሞላል። ስድስታችሁም ሙሉት። ከዚያ ውጤቱን አንድ ላይ አይታችሁ ሥራውን እንደ አዲስ ተከፋፈሉ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድክመቱን ሲጠግን ከሚኖር...

የታቦር ልጅ
ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እኮ ቅዳሜ ነው። መጠይቁ ሳያልቅ እሁድ ይሆናል።

ቴሌብር ይሻላል
ቁጥራችሁን በየግሩፑ ልቀቁት። አለቀ።

የአቶቴዋ
ቆይ፣ ብሩ ለምንድን ነው? ተመዝግባችኋል?

የሐይቅ ዳር
ውይ ይቅርታ! ለ62 ተማሪዎች ደብተር፣ ቦርሳና ዩኒፎርም ነው፣ ለመስከረም። አዎ፣ ተመዝግበናል፣ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እስከ ትናንት እኔ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። አምና የሰጡን 90 ሰዎች ስም፣ ስልክና የገዛንበት ደረሰኝ ሁሉ እኔ ጋ አለ። ሰዎቹን የሚያናግራቸው ግን ያ ልጅ ነበር።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም
ልጄ፣ የ90 ሰው ስም በእጅሽ ይዘሽ ስለ ማይክ ትጨነቂያለሽ? እኔ ብዙ ዓመት በእርዳታ ድርጅቶች ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። ለመስጠት የሚያቅማማ ሰው በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ብሬ የት ይደርሳል?" ይህን ያ አፈ ቅቤ ልጅ አይመልሰውም፣ አንቺ ግን ትመልሺዋለሽ። ነገ ጠዋት ደብተርሽን ይዘሽ ደውዪ። መጀመሪያ አመስግኚ። ቀጥለሽ የእሱ ብር ምን እንደገዛ በትክክል ንገሪው፤ ደረሰኙም እንዳለ። ከዚያ የአንድ ልጅ ሙሉ ወጪ ስንት እንደሆነ ጥሪለትና "ዘንድሮ አንድ ልጅ ይሸፍኑልናል?" በዪ። "የአቅምዎን" እንዳትዪ፣ የአቅምዎን ያልሽው ሰው ሃምሳ ብር ሰጥቶ ይገላገላል። ከጠየቅሽ በኋላ ዝም በዪ። ዝምታውን እሱ ይሙላው። 90 ለስድስት ብታካፍዪው ለአንድ ሰው 15 ነው።

ቴሌብር ይሻላል
እኔም ቴሌብር ብያለሁ እኮ።

አሞራ ገደል
እኔ አልስማማም። "ጥንካሬዬ አይደለም" እያልን ከከበደን ነገር ሁሉ ልንሸሽ ነው? እኔም መናገር እፈራ ነበር። የእድር ጸሐፊ አድርገውኝ በግድ ለመድኩት። ደግሞ ዋናውን ነገር ዘለልሽው። ሦስቱ ለምን ወጡ?

የሐይቅ ዳር
እውነት ለመናገር... እያንዳንዱ ሰው የድርሻውን ትኬት ሸጦ ማታ ማታ ኤክሴል ላይ እንዲሞላ ብዬ ነበር። እሱ ሦስት ቀን አልሞላም፣ ተናገርኩት። ከወጡት አንዷ ፖስተር የምትሠራልን ሰዓሊ ናት። አንድም ትኬት አልሸጠችም ነበር።

አሞራ ገደል
ይኸውልሽ! ሁሉንም ሒሳብ ሹም አደረግሻቸው። ጀልባ ቀዛፊውን መዝገብ ቤት አስቀምጠሽ ለምን አኮረፈ ትያለሽ። ዛሬውኑ ደውዪለት። ስለ ኤክሴሉ ይቅርታ ጠይቂና "ወረቀቱን ለእኔ ተው፣ አንተ መድረኩን ያዝልን" በዪው። ሰዓሊዋንም እንደዚሁ።

ባጃጅ ዜሮ ሰባት
እኔ ከሞቢል ፒያሳ ስመላለስ ነው የምውለው፣ ከተሳፋሪ ጋር ወሬ አላቆምም። 20 ትኬት ስጪኝ። ኤክሴል ግን አልሞላም።

አሠልጣኝ ነኝ
እኔ ያልኩትም ይህንኑ ነው።

የታቦር ልጅ
አላሉም ጋሼ።

የአቶቴዋ
ሁለት ነገር ልጨምር። በማንም የግል ስልክ ብር አትቀበሉ፣ በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ። ሌላው፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ሕጉን ብትተዪው እንኳ፣ ለፊኛና ለመጋረጃ የወጣውን ብር ሰው ያያል።

ቴሌብር ይሻላል
ለድርጅት የሚሆን ቴሌብርም አለ።

የሐይቅ ዳር (አርብ፣ ከሰዓት 9፡15)
ለልጁ ደወልኩለት፣ አያነሳም። መልእክት ትቼለታለሁ። ሰዓሊዋ ግን ተመልሳለች፣ አልቅሰን ታረቅን። ከደብተሩ 11 ሰው ደወልኩ፣ 7ቱ እሺ አሉ። አንዷ "ሁለት ልጅ አድርጊው" አለችኝ። ድምፄ ተንቀጥቅጧል፣ አልጠፋም። ማይኩስ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም
ማይኩን ለአሞራ ገደል ስጪው፣ ለምጃለሁ ብሏል። አንቺ የአምናውን ደረሰኝ መግቢያው ላይ ሰሌዳ ላይ ለጥፊና አጠገቡ ቁሚ። የሚጠይቅሽን መልሺ። አደራ፣ ልጆቹን መድረክ ላይ እንዳታወጡ። ከእነሱ ጋር የሚማሩ ልጆች ያዩዋቸዋል።

አሞራ ገደል
እኔ የተናገርኩት እድር ላይ ነው እኮ! ...ስንት ሰዓት ነው?

ባጃጅ ዜሮ ሰባት (ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡05)
20ው አለቀ። ሌላ ካለ ገብርኤል ጋ ቆሜያለሁ።

የታቦር ልጅ (ሰኞ)
እና? እንዴት ሆነ?