ሱፐርማርኬት ውስጥ በገንዘብ ተቀባይነት ልቀጠር ነው፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ (አዲስ ተቀጣሪ)

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቅርንጫፎች ባሉት ሱፐርማርኬት ለገንዘብ ተቀባይነት ተፈትኜ አልፌያለሁ። ሰኞ ውል እንድፈርም ተጠርቻለሁ። ውሉ ላይ «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉድለት ኃላፊ ነኝ፤ ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል አንቀጽ አለ። ዋስም አምጪ ተብያለሁ። የሥራ ሰዓቱን በተመለከተ «እንደ ሥራው ሁኔታ» ከማለት ውጪ ምንም አይልም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ (የቀድሞ ገንዘብ ተቀባይ)

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከደንበኛው ግፊያ ይልቅ የሚያስጨንቀው ማታ ሒሳብ መዝጋቱ ነው። ጉድለት በስርቆት ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው አለቆች አሉ፤ እኔ ያየሁት አብዛኛው ግን በጥድፊያ የተፈጠረ ነው። ለምሳሌ ደረሰኙ ከወጣ በኋላ አንዱ ደንበኛ ብር አነሰኝ ብሎ ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት ትቶ ይሄዳል። ሽያጩን መሰረዝ የሚችለው ተቆጣጣሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ሰልፉን አይቶ «ቆይ፣ በኋላ» ይላል። ማታ ማሽኑ ዘይቱ ተሸጧል ይላል፣ ብሩ ግን ካንቺ ዘንድ የለም። ስለዚህ እዚያው እንዲሰርዝልሽ ጠይቂ፤ ካልሆነም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ሰዓቱን ጽፈሽ አስፈርሚው። ሰልፉ ቢያጉረመርምም ይታገስ።

ፈረቃ ስትረከቢ መነሻውን ዝርዝር ብር አስረካቢዋ ፊት ቆጥረሽ ተፈራረሙ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍያለሁ የሚልሽን ሰው ደግሞ የራሱን ስልክ አይተሽ አታሰናብቺ። ገንዘቡ ለድርጅቱ መግባቱን በድርጅቱ ስልክ አረጋግጪ።

መልስ (የሰው ኃይል ባለሙያ)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አግኝተሽ አንብቢው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያው ቀን ላይ በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ይታሰባል። «እንደ ሥራው ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ይህን አይሽረውም፤ ቢሆንም ፈረቃሽ በጽሑፍ እንዲገለጽ ጠይቂ። የሙከራ ጊዜም ካለ በጽሑፍ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያ አንቀጽ ያንቺ የጽሑፍ ስምምነት ሆኖ ሊቀርብብሽ ስለሚችል በቀላሉ አትለፊው። «ማንኛውም ጉድለት» የሚለው «በእኔ ጥፋት መድረሱ በቆጠራ የተረጋገጠ ጉድለት» ተብሎ እንዲስተካከል ለምኚ። ያም ሆነ ይህ፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝሽ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም።

መልስ (የመደርደሪያ ሠራተኛ)

የበዓል ዋዜማ ከባድ መሆኑን እወቂ፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ፈቃድ ማግኘት ዘበት ነው። አምሽተሽ ስትወጪ ትራንስፖርት ያቀርቡ እንደሆነም ጠይቂ። ታክሲ ፍለጋ በጨለማ መቆም ለሴት ልጅ አደገኛ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋስ የሚሆነኝ አጎቴ ነው። ቅጹ ላይ የገንዘብ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ «እኛ እንሞላዋለን» ብለውኛል።

መልስ (የሰው ኃይል ባለሙያ)

በፍጹም ባዶ ቅጽ ላይ እንዳይፈርሙ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። ባዶው ከተተወ ግን በኋላ የፈለጉትን ቁጥር ሊጽፉበት ይችላሉ። አጎትሽ መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ተሞልቶ ካዩ በኋላ ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂም ለእሳቸው ይሰጣቸው።