አንድ ድንጉላ በአንድ ክረምት ስንት ባዝራ ይችላል?

ባለዳማ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረስ የምታረቡ ሰዎች እስቲ ሐሳብ ስጡኝ። ከአዳማ ወጣ ብሎ ትንሽ ቦታ አለችኝ፤ እዚያ አንድ ዳማ ድንጉላ አስቀምጫለሁ። ከአርሲ ደጋ ነው ያመጣሁት። ዘንድሮ አራት ዓመት ሞላው። ቁመናው ያምራል፣ ሰው አይናከስም፣ ጋሪ ገብቶ አያውቅም። አምና ለጎረቤትና ለወዳጅ ብቻ ነበር የማስጠቃበት። አሁን ግን ወሬው ተዳረሰና ከወንጂ፣ ከዴራ፣ ከኢተያ ሳይቀር ባዝራ እየሳቡ የሚመጡ ሰዎች በዙ።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። ሐምሌ ገብቶ ሳሩ ሲለመልም ባዝራዎቹ ሁሉ በአንድ ሰሞን ነው የሚፈልጉት። አንዳንድ ቀን በጠዋት በሩ ላይ ሦስት ባዝራ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁሉም ከሩቅ ነው የመጣው፣ ሁሉም «ዛሬ ካልሆነ ያልፍባታል» ይላል፣ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ለመጪው ክረምት ሠላሳ የሚጠጉ ሰዎች ከወዲሁ ስም አስይዘዋል። አንዱ ዐሥር ይበቃዋል ይለኛል። ሌላው ደግሞ ድንጉላ አይደክምም፣ መቶም ይችላል ይላል። ክፍያውን የምቀበለው ግማሹን ሲመጡ፣ ግማሹን ማርገዟ ሲረጋገጥ ነው። ፈረሴ እንዲጎዳ አልፈልግም፤ የሰው ባዝራም ገንዘብ ተከፍሎባት ባዶዋን እንድትከርም አልፈልግም። ስንት ላይ ላቁም?

ባለጋሪ (ሀዋሳ)

ወንድሜ ብዙም አትጨነቅ። ሲዳማ ውስጥ ሁላ ወረዳ ያሉ ዘመዶቼ ፈረስ ያረባሉ፤ ድንጉላው ከባዝራዎቹ ጋር ሜዳ ላይ ውሎ ሜዳ ላይ ያድራል። የሚቆጥርለት የለም። በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይሰራል፣ ከዚያ ሳሩን ይግጣል። በየዓመቱ ግልገል አለ። ዋናው መብሉ ነው። ገብስና ፉርሽካ ካልጎደለበት አራት ዓመት ማለት እኮ ጉልበቱ የሚጀምርበት ነው። ሰው አትመልስ፣ አንዴ የመለስከው ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

ሐኪሟ (ቢሾፍቱ)

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ፈረስና አህያ ላይ ነው የምሠራው። ባለዳማ፣ መጀመሪያ አቆጣጠሩን ቀይረው። ድንጉላን የሚያደክመው የባዝራው ቁጥር ሳይሆን የስሪያው ቁጥር ነው።

አንዲት ባዝራ በአንድ ዙር ከ5 እስከ 7 ቀን ትፈልጋለች። እንቁላሏን የምትለቀው ግን ወደ መጨረሻው ነው፤ ፍላጎቷ ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው። አልትራሳውንድ ባለበት ቀኑን አይቶ አንዴ ማስጠቃት ይቻላል። እኛ ጋ ያ ስለማይገኝ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለሉ ማስጠቃት ነው። የጤነኛ ድንጉላ ዘር ማኅፀኗ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ስለሚቆይ በየቀኑ ማድረጉ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ለአንዲት ባዝራ በዙር ሁለት ወይም ሦስት ስሪያ ያዝ።

አሁን ሠላሳውን እናስላው። በአማካይ ሁለት ተኩል ብንል የመጀመሪያው ዙር ብቻ 75 ነው። በደንብ በተያዘ እርባታ እንኳ በአንድ ዙር የሚይዙት ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ናቸው። የቀሩት 15ቱ ከመጀመሪያው ፍላጎታቸው በ21 ቀን ገደማ ይመለሱብሃል፤ ከእነሱም ሰባት ስምንቱ ለሦስተኛ ዙር ይመጣሉ። ስትደምረው 130 አካባቢ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው አራት ወር፣ በሳምንት አንድ ቀን ቢያርፍ፣ 100 ያህል የሥራ ቀን አለው። በወረቀት ላይ በቀን አንድ ከምናምን ነው፣ አይከፋም። አንተ ግን ራስህ እንዳልከው ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቀን ሦስት ይመጣና ጥቅምት ላይ ሰው የለም። ለአራት ዓመት ፈረስ ይሄ ይበዛል። በ20 ባዝራ ብታቆመው ግን ድምሩ ከ90 በታች ይሆናል፣ መተንፈሻም ያገኛል።

በእርባታ ትምህርት የሚሰጠው ግምት ለሦስት ዓመት ድንጉላ ከ10 እስከ 20፣ ለአራት ዓመት ከ20 እስከ 40፣ ለጎልማሳው 40 እና ከዚያ በላይ ነው፤ በእጅ ተይዞ ሲጠቃ ማለት ነው። ከፍ ያለው ቁጥር በሚገባ ለሚቀለብና ባዝራዎቹ በሐኪም ለሚታዩለት ፈረስ ነው። አንተ ታችኛው ላይ ሁን። ለጎልማሳ ድንጉላ በቀን ሁለት ስሪያ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከፍተኛው ይመስለኛል። ላንተው ፈረስ በቀን አንድ፣ ግድ ሲሆን አልፎ አልፎ ሁለት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት።

ባለጋሪ ያልከው ሜዳ ላይ እውነት አለው፤ ግን ሌላም ጎን አለው። ሜዳ የሚውል ድንጉላ ያቺኑ አንዲቷን ባዝራ ደጋግሞ ይሰራታል፣ የሚከለክለው የለማ። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ለአንድ ድንጉላ ከ15 እስከ 25 ባዝራ ብቻ የሚመደበው። በእጅ የተያዘው የበለጠ ብዙ ባዝራ የሚያዳርሰው ስሪያው ስለማይባክን ነው።

ባለዳማ (አዳማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር፣ እንዲህ አድርጎ ያስላልኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ነገር ልጨምር። ከመጠን በላይ መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ቢደክም ፊቱ ላይ አይታይም፣ ባዝራ ባየ ቁጥር ያሽካካል። ሌላው፣ አምና አንድ ሰው ያመጣት ባዝራ ብልቷ አካባቢ አብጦ ነበር። ባለቤቱ «መንገድ ላይ ተጋጭታ ነው» አለኝ፤ ደስ አላለኝምና መለስኳት። ተቆጥቶ ነው የሄደው። ልክ ነበርኩ?

ሐኪሟ (ቢሾፍቱ)

በጣም ልክ ነበርክ። ከቁጥሩ ሁሉ በላይ ልትጠነቀቅበት የሚገባው ይሄ ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ።

ዶሪን የሚባል በሽታ አለ። በስሪያ ነው የሚተላለፈው። በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢ እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው፤ ያንተ ባዝራዎች የሚመጡት ደግሞ ከዚያው አቅጣጫ ነው። ብልትና ጡት አካባቢ ያብጣል፣ ቆዳ ላይ ክብ ክብ እብጠት ይወጣል፣ እየቆየ ፈረሱ ይከሳል፣ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ መጨረሻው ሞት ነው። ክትባት የለውም። ተማምኖ የሚታከም በሽታም አይደለም። የሚከፋው ምልክቱ እየጠፋ እየተመለሰ ወራት ሊቆይ መቻሉ ነው፣ ስለዚህ «አሁን እኮ ድናለች» የሚልህን አትመን። አህያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳይ ይሸከመዋል። ድንጉላህ አንዴ ከያዘው ከዚያ በኋላ የሚሰራቸውን ባዝራዎች ሁሉ ሊያዳርሳቸው ይችላል። እብጠት፣ ፈሳሽ ወይም በቅርቡ ያስወረደች ባዝራ ካየህ ባለቤቱ ቢቆጣም አትቀበል። ከወቅቱ በፊት የድንጉላህን ደም አስመርምር፤ በወረዳህ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ናሙናው ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሊላክ ይችላል።

ድካሙን በተመለከተ፣ ማሽካካቱን አትይ። ሲወጣ ጭራውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ ታየዋለህ፤ ዘሩን መርጨቱን የምታውቀው በዚያ ነው። ሁለቴ ሦስቴ ወጥቶ ያለ ጭራ ምልክት ከወረደ፣ ለመውጣት ከወትሮው ከዘገየ፣ ባዝራዋን መንከስ ከጀመረ፣ የጎድን አጥንቱ መቆጠር ከጀመረ፣ በዝቶበታል። ሁለት ሦስት ቀን አሳርፈው። ሌላው ምልክት የሚመለሱት ባዝራዎች ብዛት ነው፣ ስለዚህ መዝግብ።

ለአዳማ ሙቀት ደግሞ ተጠንቀቅ። ስሪያው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ይሁን፣ ቀን ጥላ ይኑረው። የፈረስ ዘር ተመርቶ ለሥራ እስኪደርስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ሰኔ ላይ ትኩሳት የያዘው ድንጉላ እስከ ነሐሴ ድረስ ባዝራ ላያስረግዝ ይችላል፤ ሰው ግን ነሐሴ ላይ ባዝራዋን ነው የሚወቅሰው።

አባ ቦራ (አሰላ)

ልጄ፣ ሐኪሟ ያለችው ይበቃል ብዬ ዝም ልል ነበር፣ አንድ ሁለት ነገር ቀረ። ባዝራ መጣች ተብሎ ወዲያው ድንጉላ አይለቀቅባትም። በአጥር ማዶ አቁማት። የምትፈልግ ከሆነ ጭራዋን ታነሳለች፣ ትንሽ ትንሽ ትሸናለች፣ ዞራ ትቆምለታለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ከረገጠች ጊዜዋ አይደለም፣ ባለቤቱ ምንም ቢምል ይመልሳት። በግምት እየመጣች በከንቱ የምትሰረረው ናት ድንጉላውን የምትጨርሰው። ለዚህ መፈተሻ ያንን ውድ ፈረስ ማስጨነቅ እንኳ የለብህም፤ ሌላ ተራ ድንጉላ ካለህ በእሱ ፈትሽ፣ ዳማውን ለሥራው አቆየው።

የወለደች ባዝራ ከሆነች በሳምንት ከዐሥር ቀን ውስጥ ትፈልጋለች። ሰው ይቸኩላል። ወሊዱ ቀላል ከነበረና የእንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከወጣላት ይሁን። ከተቸገረች ወይም ከቆየባት ግን ያን ዙር ዝለለው፣ በሚቀጥለው ትመጣለች። ነሐሴ የተጠቃች ባዝራ የምትወልደው በ11 ወሯ ሐምሌ ላይ ነው፣ ሳሩ ባለበት፤ ስለዚህ መስከረም ብትሆን ምንም አይጎድልባትም። «ዛሬ ካልሆነ» የሚለውን አትስማው። በ21 ቀን ትመለሳለች።

ሌላው ዝምድና ነው። አንድ ጥሩ ድንጉላ አለ ሲባል የአካባቢው ባዝራ ሁሉ ከእሱ ይወልዳል፣ ግልገሎቹም ባዝራ ይሆኑና በሦስት በአራት ዓመታቸው ወደ አባታቸው ይመጣሉ። ይሄን ነው እኔ የምፈራው። የየትኛዋ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች ጻፍ። ቀለም፣ ቦራ (የግንባር ነጭ)፣ የእግር ነጭ፣ የባለቤት ስም። ሦስት አራት ክረምት ከሠራ በኋላ ራቅ ካለ አገር ሰው ጋር ድንጉላ ተለዋወጡ። ከሠላሳው ውስጥ ደግሞ በቅሎ የሚፈልግ አይጠፋም፤ እነዚያ ጥሩ ድንጉላ አህያ ይፈልጉ፣ የዳማው ሸክም ይቀልላል።

ጉግስ ወዳድ (አዳማ)

አባ ቦራ ያነሱት የዝምድና ነገር አሜሪካንም አስጨንቋል። የእሽቅድምድም ፈረሶች፣ ቶሮብሬድ የሚባሉት፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል አይፈቀድላቸውም፣ በቀጥታ ስሪያ ብቻ ነው። ሆኖም አንዳንድ ስመ ጥር ድንጉላ በአንድ ወቅት ከ200 በላይ ባዝራ ያዳርሳል። የዘር መዝገቡን የሚይዘው ጆኪ ክለብ በ2020 እ.ኤ.አ. ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚወለድ ድንጉላ በዓመት ከ140 ባዝራ በላይ እንዳይሰራ ወሰነ። ምክንያታቸው የዘሩ መጥበብ ነበር። ትልልቅ እርባታዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ክለቡም በ2022 ደንቡን አነሳው። እና ባለዳማ፣ መቶ ይችላል ያለህ ሰው እነዚያን አይቶ ከሆነ፣ እነሱ ጋ እያንዳንዷ ባዝራ በአልትራሳውንድ ታይታ፣ ቀኗ ተለይቶ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ስሪያ ብቻ ነው የምትመጣው። በእኛ አያያዝ መቶ ባዝራ ማለት ከአራት መቶ ስሪያ በላይ ማለት ነው።

ባለጋሪ (ሀዋሳ)

የሐኪሟን ሒሳብ ካየሁ በኋላ ሰው አትመልስ ያልኩት ላይ አልከራከርም። ግን ባለዳማ ገንዘቡን አስብበት። ሠላሳ ተቀብለህ ግማሹ ባዶ ከሆነ ሁለተኛውን ክፍያ አታገኝም፣ ስምህም ይጠፋል። ሃያ ተቀብለህ ከያዙልህ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ጨምረህ ትሠራለህ። የተመለሰው ሰው እንዳይቀየምህ ቀኑን በስልክ ያስይዝ፣ ሳይደውል የመጣ ተራ ይጠብቅ።

ባለዳማ (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባቴ አባ ቦራ በተለይ ዕድሜ ይስጥዎት። ወስኛለሁ፤ ዘንድሮ 20 ነው። ስም ካስያዙት ውስጥ በቅሎ የሚፈልጉትን ለይቼ እነግራቸዋለሁ፣ የቀሩትን ግማሹን ለሐምሌና ለነሐሴ፣ ግማሹን ለመስከረምና ለጥቅምት እደለድላለሁ። እሑድ ዕረፍት ነው። ሳይፈተሹ የሚገቡ አይኖሩም። ዶክተር፣ ደሙን መቼ ባስወስድ ይሻላል? ማርገዛቸውንስ በስንት ቀን ላሳይ?

ሐኪሟ (ቢሾፍቱ)

ደሙን በግንቦት አስወስድ፣ ውጤቱ ሐምሌ ሳይገባ እንዲደርስህ። ባዝራዎቹን ደግሞ ከተጠቁ ከ18 ቀን ጀምሮ ለጥቂት ቀናት እንደገና በአጥር ማዶ አቁማቸው። ካልፈለጉት ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ብቻውን አያረጋግጥም። ከ40 ቀን በኋላ ሐኪም በእጁ ይመርምራቸው፣ ሁለተኛውን ክፍያም ያኔ ተቀበል።