ኢጂአር ቫልቭ ተቀይሮም የፒ0401 ኮድ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የምነዳው በቫኪዩም (በአየር መሳብ ኃይል) የሚሠራ ኢጂአር ቫልቭ (ከሚወጣው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ) ያለው የናፍጣ ፒክአፕ የሞተር መብራት በርቶ፣ በስካነር ሲታይ ፒ0401 የሚል ኮድ አወጣ። ቫልቩን በአዲስ ባስቀይርም ኮዱ ተመልሶ መጣ። ሌላ ምን መታየት አለበት?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ኮዱ የሚናገረው ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ ከሚጠበቀው ማነሱን እንጂ የግድ የቫልቩን መበላሸት አይደለም። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) አስነስተው የቫኪዩም ቱቦው በሚሰካበት የቫልቩ አፍ ላይ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ያያይዙና ይሳቡ፤ ዘንጉ ተነሥቶ የሞተሩ ድምፅ ፈጽሞ ካልተለወጠ፣ ወደ ማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቱቦ) የሚያስገባው መተላለፊያ በካርቦን መደፈኑን ይጠርጥሩ። ቫልቩ ሲፈታ የሚታየው ጥቁርና ጠንካራ ጥላሸት መፋቅ ያለበት ቫልቩ ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ቱቦው ውስጥ ድረስ ነው፤ ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን።

መልስ 2፦ መተላለፊያው ንጹሕ ከሆነ የቫኪዩም ቱቦዎቹንና ሶሌኖይዱን (ቫኪዩሙን ወደ ቫልቩ የሚለቅና የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክፍል) ይፈትሹ። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ኮምፒዩተሩ የጭሱን መጠን የሚገምተው ቫልቩ ሲከፈት የሚገባው ንጹሕ አየር በምን ያህል እንደቀነሰ በማየት ስለሆነ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰርም ይህንኑ ኮድ ያስወጣል።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የቫኪዩም ጌጅ ንባብ ማኑዋሉ ለባሕር ወለል ከሚሰጠው ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና የሞተሩ ቫኪዩም ፓምፕ እንዳይጣል።