የሳተላይት መስመራችን ፍጥነት በቂ ሆኖ ሳለ ሪፖርት አልልክ ያለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (የጤና ጣቢያ መረጃ ሠራተኛ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ፋይበርም ሆነ የሞባይል ኔትወርክ ባልደረሰበት ቆላማ ወረዳ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ኢንተርኔት የምናገኘው ግቢው ውስጥ በተተከለ የሳተላይት ዲሽ ብቻ ነው። ውላችን 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይላል፤ ሆኖም ወርሃዊ ሪፖርት ስልክ ገጹ ሲሽከረከር ይቆይና «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይዘጋል። ፒንግ (መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 650 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያሳያል፤ ፋይል ሳወርድም 1 ሜጋ ቢት አይሞላም። መስመሩን ያስገባልን ድርጅት ችግሩ ከኮምፒውተራችሁ ነው ብሎናል። ፍጥነት እናስጨምር ወይስ ከ5ጂ ጋር ተቀናጅቶ ይመጣል የሚባለውን ሳተላይት እንጠብቅ?

መልስ (የኔትወርክ መሐንዲስ)፦ ፍጥነት አያስጨምሩ፤ ገንዘቡ ይባክናል። የሚያስቸግርዎ የመስመሩ ስፋት ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ዲሽዎ የሚያየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው የቆመ ይመስላል። ጥያቄዎ ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ወደ ምድር ጣቢያው ሲወርድ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ ከ143,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ይህም በብርሃን ፍጥነት እንኳ 480 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የመሣሪያዎቹ ሥራ ሲታከልበት 650 የተለመደ ነው። አንድን ገጽ ለመክፈት ኮምፒውተሩና ሰርቨሩ 20 ጊዜ ቢመላለሱ 13 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው።

ማውረዱ የሚንቀራፈፈው ደግሞ ሰርቨሩ የተወሰነ መረጃ ከላከ በኋላ «ደርሶኛል» እስኪባል ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። በአንድ ጊዜ የሚልከው 64 ኪሎ ባይት ቢሆን፣ በየ0.65 ሰከንዱ ያን ያህል ማለት 0.8 ሜጋ ቢት ብቻ ነው። የሳተላይት ሞደሞች ለዚህ ማፍጠኛ አላቸው፤ ሩቅ ያለውን ተቀባይ ሳይጠብቁ «ደርሶኛል» የሚለውን እዚያው ይመልሳሉ። ቪፒኤን፣ ማለትም መረጃን አመስጥሮ የሚያሳልፍ የግል መስመር፣ ትጠቀማላችሁ?

ጠያቂው፦ አዎን፣ ሁሉም ኮምፒውተሮች ቀኑን ሙሉ በቪፒኤን ውስጥ ናቸው።

መልስ (ዲሽ ተካይ)፦ እንግዲያው ተገኘ። ቪፒኤኑ መረጃውን ከኮምፒውተሩ ጀምሮ ስለሚያመሰጥረው ሞደሙ ውስጡን ማየት አይችልም፤ ማፍጠኛውም ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። የታካሚ መረጃ የሚሄድበትን መስመር ከቪፒኤን እንዳያወጡ፤ ሌላውን ግን ያውጡት። ሪፖርቱን ኢንተርኔት ሳይከፍቱ ሞልተው በአንድ ፋይል መላክ የሚቻል ከሆነ ይህ ከሁሉ ይሻላል። የዊንዶውስ ማሻሻያውንም ወደ ሌሊት ያዙሩት። መዘግየቱ ዝናብ ሲጥል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሞደም ስፈታ ውዬ ጥፋቱ ውኃ የገባበት የኬብል ጫፍ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መልስ (የቴሌኮም ተማሪ)፦ ስለ አዲሱ ልጨምር። እንደ ስታርሊንክ ያሉት ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚበሩ መዘግየታቸው በአሥሮች ሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ ነገር ግን በሰዓት ወደ 27,000 ኪሎ ሜትር ስለሚከንፉ አንዱ ሲያልፍ ሌላው መተካት አለበት። ሳተላይትን ከ5ጂ ጋር ያቀናጀው የስሪ ጂ ፒ ፒ (የሞባይል ኔትወርክ መስፈርቶችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት) 17ኛ እትም የተጠናቀቀው በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስልኩ የራሱን ቦታ በጂ ፒ ኤስ፣ የሳተላይቱን መንገድ ደግሞ ከኔትወርኩ አውቆ የሚልከውን ሞገድ ጊዜና ድግግሞሽ አስቀድሞ እንዲያስተካክል ያደርጋል። ቢሆንም በቀጥታ ወደ ስልክ የሚመጣው አገልግሎት ቀድሞ የሚበቃው ለአጭር መልእክት ነው፤ ለጤና ጣቢያ ሥራ አይጠብቁት።

ጠያቂው (ከአምስት ቀን በኋላ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሪፖርቱን ብቻ በቪፒኤን አስቀርተን ሌላውን አወጣነው፤ ማውረዱ 3.4 ሜጋ ቢት ደርሷል። ሪፖርቱንም ማታ ሞልተን ጠዋት በአንድ ፋይል ልከነው በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። ፒንጉ አሁንም 650 ነው።