ዋልካ መሬት ላይ ጤና አዳም ክረምቱን አላልፍ አለ (ብቸና)

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጓሮዬ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። እስከ ሰኔ ያማረ ጤና አዳም ነሐሴ ላይ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ቅርፊቱ ይላጣል። ፍግ ልጨምርለት ወይስ ልንቀለው? አንዱ ደህና ነው፣ ግን እንጨት ሆኖ ቅጠሉ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቷል።

መልስ 1 (ደብረ ማርቆስ)፦
ፍግ እንዳይጨምሩ! ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ዋልካ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስለሚይዝ ሥሩ አየር ያጣል፤ ቅጠሉም የሚመገበው አጥቶ ቢጫ ይሆናል። ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርገው ይዩ፦ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ካለ ለተከላ ይቁረጡለት፣ ሁሉም ቡናማ ከሆነ ይንቀሉት። አዲሱን እዚያው ቦታ አይመልሱ። 30 ሳንቲ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩና ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ጋር ደባልቀው ይትከሉበት። ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ዋልካ ውስጥ ያለ ጉድጓድ እንደ ጋን ውሃ ያቁራል።

መልስ 2፦
ለተከላ ጥቅምት ጥሩ ነው። አበባ ያልያዘ፣ መጠንከር የጀመረ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ፣ ከአንጓ ሥር ይቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፈው አሸዋማ አፈር ላይ፣ ጥላ ሥር ይትከሉት። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት እንቢ ካለ ሥር ይዟል፤ ከዚያ ወደ ሙሉ ፀሐይ ያውጡት፣ በመካከሉ 50 ሳንቲ እየተዉ።
እንጨት የሆነውን ፍሬውን ለበርበሬ ከለቀሙ በኋላ ሲሶውን ይቁረጡ፤ ቅጠል ካለበት ከፍ ብለው ነው፣ ራቁቱን የቀረ አሮጌ እንጨት ቶሎ አያቆጠቁጥም።

መልስ 3፦
ሲቆርጡ ጓንት ያድርጉ፣ ጠዋት በማለዳ ወይም ሲመሽ ይሁን። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀላል፣ ውሃም ይቋጥራል፤ ልጆች እንዳይጫወቱበት። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካዩ የቢራቢሮ ትል ነው። በእጅ ይልቀሙት፤ ቡና ላይ የሚገባ ቅጠል ፀረ ተባይ አይረጭበትም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አመድስ ይጠቅመዋል?

መልስ 1፦
እንጅባራ አካባቢ ባለው አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ቢሆን አንድ እፍኝ ይረዳል። ዋልካ ግን ብዙ ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ ይቅርብዎ፤ ድካምዎን መደቡ ላይ ያውሉት።